የሰዓሊው አበል እና የመምህሩ ሰዓት

እ.ኤ.አ. በ2010 ፕራይስዋተርሃውስኩፐርስ የተባለው ዓለም አቀፍ የሒሳብና የማማከር ድርጅት በእንግሊዝ አገር ስለሚካሄድ አንድ ፕሮግራም ጥናት አቀረበ። ፕሮግራሙ ክሪኤቲቭ ፓርትነርሺፕስ ይባል ነበር። ሥራው ሰዓሊውን፣ ገጣሚውን፣ ተወዛዋዡንና የፊልም ባለሙያውን ከትምህርት ቤት ጋር ማጣመር ነበር። አጥኚዎቹ የደረሱበት ቁጥር የሚያስጎመጅ ነው፦ ለፕሮግራሙ የወጣው እያንዳንዱ ፓውንድ ለአገሪቱ ኢኮኖሚ 15 ፓውንድ ከ30 ፔኒ ይመልሳል። በዚያው ዓመት መገባደጃ ላይ አዲሱ ጥምር መንግሥት የበጀት ቅነሳውን ይፋ አደረገ። የእንግሊዝ የኪነ ጥበብ ምክር ቤት ወደ 30 በመቶ የሚጠጋ በጀት ሲቀነስበት እሱም በተራው መቀሱን አነሳና ክሪኤቲቭ ፓርትነርሺፕስን ቆረጠ። በ2011 የትምህርት ዘመኑ ሲያልቅ ፕሮግራሙም አብሮ አለቀ።

አንዱን ፓውንድ አሥራ አምስት አድርጎ ይመልሳል የተባለ ነገር በወራት ውስጥ ሲዘጋ ማየት ለፕሮፖዛል ጸሐፊ ሁሉ ትምህርት ሊሆን ይገባ ነበር። አልሆነም። ዛሬም በየአገሩ፣ በእኛም ከተማ በአዲስ አበባ ጭምር፣ ጥበብንና ትምህርት ቤትን ለማገናኘት ገንዘብ የሚጠይቁ ሰዎች ትልቁ ጭንቀታቸው ውጤቱን በቁጥር ማሳየት ነው። እኔ ጥያቄው ሌላ ቦታ ነው ያለው ባይ ነኝ። ገንዘቡ ከማን ካዝና ወጣ? የገዛውስ የማንን ጊዜ ነው?

የእንግሊዙን ታሪክ ከመነሻው ብናየው ነገሩ ይገለጣል። በ1999 ኬን ሮቢንሰን የመሩት ብሔራዊ ኮሚቴ (ኋላ ትምህርት ቤት ፈጠራን ይገድላል በሚለው ንግግራቸው በኢንተርኔት ዓለም ያወቃቸው ያው ሮቢንሰን ናቸው) ለቶኒ ብሌር መንግሥት ሪፖርት አቀረበ። ሪፖርቱ የፈጠራና የባህል ትምህርት እንደ ትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ መታየቱ ይቁም፣ ትምህርት ቤቶችም በራቸውን ለውጭ ባለሙያ ይክፈቱ አለ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ2002፣ ክሪኤቲቭ ፓርትነርሺፕስ ድህነት በጠናባቸው 16 አካባቢዎች ሥራ ጀመረ። እስኪዘጋ ድረስ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ልጆችን አዳርሷል።

ፕሮግራሙ እየበሰለ ሲሄድ አንድ ብልህ ነገር አደረገ። በባለሙያውና በትምህርት ቤቱ መካከል የሚቆም ሰው መደበ፤ ስሙንም ክሪኤቲቭ ኤጀንት አለው። ይህ ሰው ትምህርት ቤቱ ሲገባ ምን እንሳል፣ ምን እንጨፍር ብሎ አይጀምርም። የሚጠይቀው ትምህርት ቤቱን የሚያስቸግረው ምን እንደሆነ ነው። ወንዶቹ ልጆች መጻፍ ይጠላሉ? አዲስ የመጡ የስደተኛ ልጆች አፍ አልፈታ ብሏቸዋል? ወላጆች ግቢውን አይረግጡም? ለዚያ ችግር የሚሆነው ባለሙያ የሚፈለገው ከዚህ ጥያቄ በኋላ ነው። ሰዓሊ ሊሆን ይችላል፣ አርክቴክት ወይም የሬድዮ ሰው ሊሆን ይችላል። ርእሰ መምህራኑም ቢሆኑ ከራሳቸው በጀት ድርሻ ያዋጡ ነበርና ጉዳዩን እንደ እንግዳ ስጦታ አላዩትም።

ታዲያ እንዲህ የታሰበበት ነገር ለምን ተቆረጠ? ገንዘቡ በአመዛኙ የሚመጣው ከባህል ሚኒስቴሩ በኩል ስለነበር ነው። ጥቅሙን የሚያገኘው ትምህርት ቤቱ፣ ከፋዩ ግን የባህሉ ቤት። ክፉ ቀን ሲመጣ የባህሉ ቤት የራሱን ልጆች፣ ማለትም ትያትር ቤቱን፣ ኦርኬስትራውንና ሙዚየሙን ለማዳን ሲል የጎረቤቱን ልጅ ከማዕድ አስነሳ። የትምህርቱ ቤት ደግሞ ልጁ የእኔ ነው ብሎ አልተቀበለውም። 15 ፓውንዱ ይመለስ የነበረው ለአገሪቱ እንጂ ለኪነ ጥበብ ምክር ቤቱ ካዝና አልነበረም። ስለ ቁጥሩ ራሱም ትንሽ ልበል። ስሌቱ የቆመው በአመዛኙ የተማሪዎቹ ውጤት መሻሻል ወደፊት በሚያስገኘው ገቢ ላይ ነው። ልጁ አድጎ ሥራ ይዞ ደመወዝ እስኪበላ ድረስ የሚጠብቅ የገንዘብ ሚኒስትር እስካሁን አልተወለደም።

ጎረቤት ዌልስ ከዚህ የተማረች ይመስለኛል። በ2015 የዌልስ መንግሥትና የዌልስ የኪነ ጥበብ ምክር ቤት ለአምስት ዓመት 20 ሚሊዮን ፓውንድ በጋራ መድበው ተመሳሳይ ፕሮግራም ከፈቱ። ክሪኤቲቭ ኤጀንቱንም እንግሊዝ ከተወችበት አንስተው ወሰዱት። ልዩነቱ የትምህርቱም ወገን ከመጀመሪያው ቀን እጁን መክተቱ ነው። አምስት ዓመቱ ሲሞላም ፕሮግራሙ አልተዘጋም። ኖርዌይ ደግሞ ሌላ መንገድ ሄደች። ከ2001 ጀምሮ "የባህል የትምህርት ቤት ቦርሳ" የሚል ስም ያለው ሥርዓት ዘርግታ፣ ከብሔራዊ ሎተሪዋ ትርፍ ላይ ድርሻ ቆርጣ፣ በአገሪቱ ያለ ተማሪ ሁሉ በየዓመቱ የሙያተኛ ሥራ በትምህርት ቤቱ እንዲያይ አደረገች። ሙዚቃ፣ ትያትር፣ ሥዕል፣ ፊልም፣ ሥነ ጽሑፍ ሁሉም በቦርሳው ውስጥ አለ። ገንዘቡ በየዓመቱ በፕሮፖዛል የሚለመን አይደለምና ከመንግሥት መንግሥት ተሻግሮ ኖሯል።

የኖርዌይን ቦርሳ አድናቂ ብሆንም ነቀፌታውን ግን መዝለል አይገባም። የራሳቸው ተመራማሪዎች ደጋግመው ያነሱት ነገር አለ፦ ባለሙያው መጥቶ ያሳያል፣ ልጆቹ ይመለከታሉ፣ መምህሩ ግድግዳ ተደግፎ ጸጥታ ያስከብራል፣ ሁሉም ወደ ቤቱ ይሄዳል። ገንዘቡ ዘላቂ ሆኖም መምህሩን እንግዳ አድርጎታል። የመጀመሪያው ጥያቄ ተመልሶ ሁለተኛው እንደተንጠለጠለ ነው።

ይህን ሁለተኛ ጥያቄ ለማየት አንድ የተለመደ የፕሮጀክት በጀት ይዘን እንቀመጥ። የየትም አገር ቢሆን መልኩ አንድ ነው። የባለሙያ ክፍያ በቀን፣ ተባዝቶ በቀኑ ብዛት። ቀለም፣ ሸራ፣ ወረቀት። ትራንስፖርት። ሻይ ቡና። ባነር፤ ባነሩ መቼም አይቀርም፣ የለጋሹ አርማ ይወጣበታል። ፎቶና ቪዲዮ። የማጠቃለያ ዝግጅት። የሪፖርት ኅትመት። አሁን የመምህሩን ስም ፈልጉት። ቢገኝ ቢገኝ "ተሳታፊዎች" በሚለው ስር ነው የሚገኘው። ከሰዓሊው ጋር ተቀምጦ የስድስተኛ ክፍል የሳይንስ ትምህርት ከሥዕሉ ጋር የት ላይ እንደሚገጥም የሚያቅድበት ሰዓት በጀቱ ውስጥ የለም። በሳምንት ከሃያ በላይ ክፍለ ጊዜ የሚያስተምር፣ በየምሽቱ የደብተር ክምር የሚያርም ሰው ያንን ሰዓት ከየት ያመጣዋል? ከእንቅልፉ። ወይም፣ እንደተለመደው፣ አያመጣውም። ባለሙያው ሦስት ቀን አሠልጥኖ ሲሄድ ዕውቀቱም አብሮት ይሄዳል፤ ግቢው ግድግዳ ላይ አንድ ያማረ ሥዕል ይቀራል፣ የሚቀጥለው ክረምት ዝናብ እስኪያጥበው።

መምህሩና ባለሙያው አብረው ያላቀዱት ሥራ ምን እንደሚመስል ከእኛ ከተማ የሚነሳ አንድ ታሪክ ያሳየናል። እንግሊዛዊው ኮሪዮግራፈር ሮይስተን ማልዱም እ.ኤ.አ. በ1996 አዲስ አበባ መጥቶ ከመቶ በላይ የጎዳና ልጆችን አሠልጥኖ "ካርሚና ቡራና"ን በማዘጋጃ ቤት አዳራሽ አቀረበ። ነገሩ በአንድ ምሽት ትርኢት አላበቃም። ከልጆቹ የተመረጡት ለዓመታት በተከታታይ ሠለጠኑና አዱኛ የተባለው የውዝዋዜ ቡድን ተፈጠረ። ከዚያ ቡድን የወጣው ጁናይድ ጀማል ሰንዲ በ2004 ሮሌክስ ለወጣት ከያንያን በሚሰጠው ዕድል ከጃፓናዊው ሳቡሮ ቴሺጋዋራ ጋር እንዲሠራ ተመርጧል። ማልዱም ግን በዓለም ዘንድ ስሙ የገነነው ከአዲስ አበባው ሥራ ከዓመታት በኋላ በርሊን ላይ ነው። በ2003 የበርሊን ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ በሳይመን ራትል መሪነት የስትራቪንስኪን "የፀደይ ሥርዓት" ሲጫወት 250 የሚሆኑ የበርሊን ተማሪዎች አብረውት ተወዛወዙ። የኦርኬስትራውን የትምህርት ፕሮግራም ወጪ የሚሸፍነው ዶይቸ ባንክ ነበር። ስለዚህ ሥራ የተሠራው "ሪዝም ኢዝ ኢት!" የተባለው ዘጋቢ ፊልም በጀርመን ሲኒማ ቤቶች ብዙ ተመልካች አግኝቷል።

ፊልሙን ያየ ሰው የማይረሳው ቦታ አለ። ተማሪዎቹ ይሳሳቃሉ፣ ይነካካሉ፣ አንዱ ሌላውን እያየ ያፍራል። ማልዱም ያቆማቸውና ፍጹም ጸጥታ ይጠይቃል። ከዚህ የበለጠ ትችላላችሁ ብሎ ይገፋቸዋል። መምህራቸው ደግሞ ልጆቹን ታውቃለች፤ ከአቅማቸው በላይ እየተገፉ ነው ብላ ትሰጋለች። ሁለቱም ልጆቹን ይወዳሉ፣ ሁለቱም በየሙያቸው ትክክል ናቸው። ሆኖም ሥራው ተጀምሮ፣ ልጆቹ ፊት ቆመው፣ ካሜራው እየቀረጸ ነው የሚነጋገሩት። ያ ንግግር ሥራው ከመጀመሩ ከሳምንታት በፊት፣ በተከፈለበት ሰዓት፣ ጠረጴዛ ዙሪያ መካሄድ ነበረበት።

ጀርመኖቹ ይህን ኋላ ላይ በበጀት ቋንቋ መለሱት ማለት ይቻላል። በ2011 የፌዴራሉ የባህል ፋውንዴሽንና ሜርካቶር የተባለው የግል ፋውንዴሽን እያንዳንዳቸው 10 ሚሊዮን ዩሮ አዋጥተው በአምስት ክፍላተ አገር "የባህል ወኪሎች ለፈጠራ ትምህርት ቤቶች" የሚል ፕሮግራም ጀመሩ። 46 ወኪሎች፣ 138 ትምህርት ቤቶች፤ ለአንድ ወኪል ሦስት ትምህርት ቤት መሆኑ ነው። የወኪሉ ሥራ ራሱ መሳል ወይም መዝፈን አይደለም። በአካባቢው ያለውን ሙዚየም፣ ትያትር ቤት፣ ባለሙያ ከትምህርት ቤቱ ጋር እያገናኘ፣ ከመምህራኑ ጋር እየተቀመጠ፣ ለዓመታት የሚቆይ ዕቅድ ያወጣል። የመጀመሪያው ዙር አራት የትምህርት ዓመት ነበር። ገንዘብ አውጥቶ በመካከል የሚቆም ሰው መቅጠር ለለጋሽ ከባድ ነው። ይህ ሰው ፎቶ አይወጣለትም፤ የስብሰባ ሰው ነው። ግን ከእንግሊዝም፣ ከዌልስም፣ ከጀርመንም ደጋግሞ የሚመጣው እሱ ነው።

ስለ ውጤት ስናነሳ የሂዩስተኑን ጥናት አለማንሳት አይቻልም። በዚህ መስክ የሚወጣው ጥናት አብዛኛው ጎበዝ ትምህርት ቤቶች ፈቅደው የገቡበትን ፕሮግራም አይቶ ጎበዝ ሆነው ተገኙ የሚል ነው። ዳንኤል ቦወንና ብራያን ኪሲዳ በ2019 ያወጡት ግን የተለየ ነበር። በቴክሳስ ሂዩስተን ከተማ የሚገኙ 42 ትምህርት ቤቶችን በዕጣ ለሁለት ከፍለው ከሦስተኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል ያሉ 10,548 ተማሪዎችን ተከታተሉ። የጥበብ ትብብሩ በደረሳቸው ትምህርት ቤቶች የዲሲፕሊን ጥፋት በ3.6 የመቶኛ ነጥብ ቀነሰ። የጽሕፈት ፈተና ውጤት ከፍ አለ፤ ለሌላው ሰው የሚያሳዩት ርኅራኄም ጨመረ። በሒሳብና በንባብ ግን ጎልቶ የሚታይ ለውጥ አልተገኘም። ጥናቱን የወደድኩት ለዚህ ነው። ሥዕል ሒሳብ ያስጎብዛል ብሎ አላስመሰለም። ልጅ ሌላ ሰው ሆኖ ሲተውን የሌላው ስሜት ይገባዋል፣ የገባውንም ይጽፋል፤ ይህ በራሱ በቂ ነው። እዚያም ርእሰ መምህራኑ ከትምህርት ቤታቸው ገንዘብ እንዲያዋጡ መደረጉን ልብ በሉ።

አሜሪካ ግን የሌላውም ነገር ማሳያ ናት። የፌዴራሉ የኪነ ጥበብ ድጋፍ ተቋም፣ ኤን.ኢ.ኤ.፣ ገጣሚና ሰዓሊ ወደ ትምህርት ቤት መላክ የጀመረው በ1960ዎቹ ነው። ብዙ ሰው አስተምሯል። ደንቡ ግን አንድ ጠማማ ነገር አለው፤ ተቀባዩ ባመዛኙ የተሰጠውን ያህል ገንዘብ ከሌላ ምንጭ አምጥቶ ማጣመር አለበት። አሠራሩ ለቁም ነገረኛው መለያ ነው ይባላል። በተግባር ለጋሽ የሚያውቅ፣ ፕሮፖዛል የሚጽፍ ሠራተኛ ያለው ያገኛል፤ የሌለው ያነባል። በ2025 ሜይ ወር ላይ ደግሞ ተቋሙ ቀድሞ ያጸደቃቸውን በርካታ ድጋፎች በኢሜይል ሰረዘ። የዓመቱን ዕቅድ ይዘው ባለሙያ የቀጠሩ ድርጅቶች በአንድ ምሽት ባዶ እጃቸውን ቀሩ። ከዚህ ጋር ሲነጻጸር የእንግሊዙ መልካም ነገር ቢኖር፣ በእንግሊዝ ቢያንስ አንድ የትምህርት ዘመን ለመጨረስ ፋታ መሰጠቱ ነው።

ወደ ራሳችን እንምጣ። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በአንደኛ ደረጃ "የክወናና የዕይታ ጥበባት" የሚባል የትምህርት ዓይነት ይዟል። ሙዚቃው፣ ውዝዋዜው፣ ትያትሩና ሥዕሉ በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ተጠርዘዋል። ሐሳቡን እደግፋለሁ። ችግሩ አራቱን በአንድ ላይ የሚችል መምህር ከየት ይመጣል የሚለው ነው። ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ሙዚቀኛ፣ የአለ ፈለገ ሰላም ትምህርት ቤት ሰዓሊ፣ የዩኒቨርሲቲው የትያትር ክፍል የትያትር ሰው ያወጣሉ፤ ሁሉን በአንድ አናት የያዘ ሰው ግን ከሦስቱም አይወጣም። ስለዚህ ብዙ ቦታ ትምህርቱ ክፍለ ጊዜ ለጎደለው መምህር መሙያ ይሆናል። መምህሩ ስልሳ ልጅ ፊት ቆሞ የክራርን ቅኝት ከመጽሐፍ ያነብላቸዋል። አስቡት፣ ሰፈሩ ውስጥ ክራር የሚመታ ሰው እያለ። የቀድሞው ቅኔ ቤት ተማሪውን ከመምህሩ ጋር ለዓመታት ያኖር ነበር፤ ለሦስት ቀን ወርክሾፕ የሚመጣ የቅኔ መምህር ሰምተን አናውቅም።

ይህ ክፍተት ባለሙያና ትምህርት ቤትን ለሚያጣምር ድጋፍ ቦታው ነው። ገንዘቡ የሚመጣበትን ደጅ ሁሉም ከያኒ ያውቀዋል፤ የጎተ ተቋም፣ ብሪቲሽ ካውንስል፣ አሊያንስ ኢትዮ-ፍራንሴዝ፣ የየኤምባሲው የባህል ክፍል፣ አልፎ አልፎም ባንክ። ክፋት የለውም። ግን ሁሉም ከባህል ካዝና ወይም ከማስታወቂያ ካዝና የሚወጣ ነው፤ በክሪኤቲቭ ፓርትነርሺፕስ የደረሰው እዚህ የማይደርስበት ምክንያት የለም። በኤን.ጂ.ኦ. መንደር "ፌዝ አውት" (ቀስ በቀስ መውጣት) የምትባለው ቃል ከፕሮጀክቱ መክፈቻ ቀን ጀምሮ በሪፖርቱ ውስጥ ተጽፋ ትጠብቃለች።

በትምህርት ካዝና ውስጥ ግን ብዙ ሰው የማያስበው አንድ ቀዳዳ አለ። ትምህርት ቤቶቻችን እ.ኤ.አ. ከ2009 ወዲህ፣ የአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም ከተጀመረ ጀምሮ፣ በተማሪ ቁጥር የሚሰላ "ስኩል ግራንት" ሲያገኙ ቆይተዋል። መጠኑ ትንሽ ነው፤ ጠመኔውም፣ ጥገናውም፣ መጽሐፉም ከዚያው ነው። ከዚያ ላይ ለሰዓሊ አበል ክፈሉ ብል ርእሰ መምህራን ይስቁብኛል፤ እውነታቸውን ነው። የምለው ሌላ ነው። ባለሙያውን የውጭው ለጋሽ ይክፈል፤ ትምህርት ቤቱ ከራሱ የሚያዋጣው ግን በመምህሩ ሰዓት ይሁን። ለአንድ የጥበብ መምህር በሳምንት ሁለት ክፍለ ጊዜ ተቀንሶለት፣ ያንን ሰዓት ከባለሙያው ጋር ለማቀድ እንዲያውለው ርእሰ መምህሩ በክፍለ ጊዜ ድልድሉ ላይ ይጻፈው። የገንዘብ ወጪው ጥቂት ነው፤ ውሳኔ ነው የሚያስከፍለው። የሚኒ ሚዲያ ክበቡም፣ የትያትር ክበቡም አለ። የወላጅ መምህር ኅብረቱም በየዓመቱ ለወላጆች ቀን ገንዘብ ያሰባስባል። ልጆቹ በወላጆች ቀን የሚያቀርቡት ጭውውት ካለፈው ዓመት የተገለበጠ ከሚሆን፣ ከባለሙያ ጋር ዓመቱን ሙሉ የሠሩት ቢሆን ያው ገንዘብ የተሻለ ነገር ይገዛል።

ወኪሉ፣ በመካከል የሚቆመው ሰው፣ በእኛ ሁኔታ አዲስ ቅጥር ላያስፈልገው ይችላል። በየክፍለ ከተማው የባህልና የትምህርት ጽሕፈት ቤቶች አሉ፤ አንድ ሕንፃ ውስጥ ሆነው እንኳ የማይተዋወቁ ሞልተዋል። ከሁለቱ አንዱ አንድ ባለሙያ መድቦ፣ አምስት ስድስት ትምህርት ቤት አስይዞ፣ ሥራህ ስብሰባ መጥራት ሳይሆን ሰው ማገናኘት ነው ቢለው መጀመሪያ ይሆናል። ደመወዙ ከመንግሥት ስለሆነ ፈንድ ሲያልቅ አብሮ አያልቅም።

እስከዚያው ግን ገንዘቡ መምጣቱ አይቀርም፣ ፕሮፖዛሉም መፈረሙ አይቀርም። ለርእሰ መምህራን፣ ለትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊዎችና ለለጋሾች አንድ ልመና አለኝ። ቀጣዩ የጥበብና የትምህርት ቤት ፕሮጀክት ጠረጴዛችሁ ላይ ሲመጣ ሁለት ነገር ፈልጉበት፤ በበጀቱ ውስጥ "የመምህሩ የዕቅድ ሰዓት" የሚል መስመር፣ ከጀርባው ደግሞ ድጋፉ ካለቀ በኋላ በሚመጣው ዓመት ማን እንደሚከፍል የሚናገር በትምህርቱ ወገን የተፈረመ ደብዳቤ። ሁለቱ ከሌሉበት ባነሩን ከማሳተማችሁ በፊት መልሱት።